በልጅጉ ጠቅ ብሎ ዝም አለ፤ ከዚያ በራሱ ጊዜ ተኮሰ

የበልጅግ_ልጅ፣ ቨርጂኒያ

ሰላም ለሁላችሁም። ባለፈው ቅዳሜ ተኩስ ሜዳ ላይ የገጠመኝን ልንገራችሁና ምክራችሁን ልስማ። ከዚያ ቀን ወዲህ እንቅልፌ ልክ አይደለም።

ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ከኢትዮጵያ መጋዘን ወጥተው አሜሪካ የገቡ አሮጌ ጠመንጃዎች እየተሸጡ እንደሆነ ብዙዎቻችሁ ታውቃላችሁ። ካርካኖው፣ ቬተርሊው፣ ውጅግራው፣ የቤልጅየሙ ማውዘር በልጅጉ። አያቴ በልጅግ ነበረው። ከግድግዳ አውርዶ ዘይት በነካ ጨርቅ ሲወለውለው እያየሁ ነው ያደግሁት። ያ ጠመንጃ የት እንደገባ ዛሬ የሚያውቅ የለም። ስለዚህ አንበሳው የተቀረጸበት የቤልጅየም ማውዘር ለሽያጭ ቀርቦ ሳይ ሳላቅማማ ገዛሁት። ሰደፉ አንገቱ ላይ ተሰንጥቆ በጠፍር ታስሯል። ያሰረው ማን እንደሆነ ባላውቅም ሳየው ሆዴ ይባባል።

ጥይቱን እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ዩጎዝላቪያ ውስጥ ከተሠራው፣ በርካሽ ከሚሸጠው ገዛሁ። በ100 ያርድ ሰባት ተኮስሁ፤ ሰባቱም ወረቀቱ ላይ አረፉ። ስምንተኛው ላይ ቃታውን ስስብ «ጠቅ» አለና ዝም። ከሸፈ ብዬ ቀኝ እጄን ጥይት ወደሚያጎርሰውና ወደሚቆልፈው ብረት፣ ወደ ቦልቱ እጀታ ሰደድሁ፤ አፈሙዙም ትንሽ ዝቅ ብሎ ነበር። ጓደኛዬ «ቆይ!» ከማለቱ ጠመንጃው ተኮሰ። ጣቴ ቃታው ላይ አልነበረም። እርሳሱ ዒላማው ሳይደርስ መሬቱን መትቶ አቧራ አስነሳ። እጄ ትንሽ ፈጥኖ ቦልቱን ከፍቶት ቢሆን ኖሮ የሚፈነዳው ፊቴ ላይ ነበር።

ግማሽ ሰዓት ያህል ተቀምጬ ከተረጋጋሁ በኋላ ሦስት ጨመርሁ፤ ደህና ተኮሱ። አራተኛው ጠቅ ብሎ ቀረ። አሁን ግን አፈሙዙን ወደ ዒላማው አድርጌ አንድ ደቂቃ ሙሉ ቆጠርሁና አወጣሁት። ግርጌው ላይ መርፌው የመታበት ምልክት በጭንቅ ነው የሚታየው፤ ከተኮሱት ጋር ሳስተያየው ጫር ያደረገው ያህል ነው። ቤት ገብቼ ቀለሃዎቹን ስደረድር ደግሞ ሁለቱ ላይ ከግርጌያቸው ትንሽ ከፍ ብሎ ዙሪያውን የሚያበራ ቀለበት አየሁ።

ጥፋቱ የጥይቱ ነው ወይስ የጠመንጃው? ባለቤቴ «ግድግዳ ላይ ስቀለውና ይብቃህ» ትላለች።

ሜዳ_ጠባቂ፣ ኮሎራዶ

እንኳን እግዚአብሔር አተረፈህ ወንድሜ። ቅዳሜና እሑድ ተኩስ ሜዳ ላይ የደህንነት ተቆጣጣሪ ሆኜ እሠራለሁ። የገጠመህን ሰዎቹ ሃንግፋየር ይሉታል፤ የዘገየ ተኩስ ነው። መርፌው የጥይቱን ፕራይመር፣ ግርጌው ላይ ያለችውን ማቀጣጠያ ይመታል፤ ፕራይመሩ አርጅቶ ወይም እርጥበት ገብቶት፣ አለዚያም በደካማው ተመትቶ፣ ባሩዱን ወዲያው አያቀጣጥለውም። እሳቱ ውስጥ ውስጡን ይሄድና ከቆይታ በኋላ ይፈነዳል። አብዛኛውን ጊዜ መዘግየቱ ከሰከንድ ያነሰ ነው፤ «ጠቅ-ዷ» ሲል ትሰማዋለህ። ያንተ ግን ረዘም ያለው ነው፤ እሱ ነው ሰው የሚጎዳው።

ሁለተኛው ጊዜ ያደረግኸው ነው ትክክሉ። ጠቅ ካለ አፈሙዙ ወደ ዒላማው እንዳለ ይቆያል፣ ጣት ከቃታ ይወጣል፣ ቢያንስ 30 ሰከንድ ይቆጠራል። ለአሮጌ ጥይት እኔ አንድ ደቂቃ ነው የማስቆጥረው። ስትከፍተውም ፊትህን ከቦልቱ መስመር አርቅ። የወጣውን ጥይት ኪስህ ውስጥ ወይም ከሌሎቹ ጋር አትክተተው፤ የከሸፉ ጥይቶች የሚጣሉበት ባልዲ ሜዳው ላይ ይኖራል፤ እዚያ ጣለው።

አሁን ግን ከዘገየው ተኩስ ይልቅ ያሳሰበኝ ቀለበቱ ነው። ይህን አድርግ፦ አንድ የወረቀት ክሊፕ ዘርጋና ጫፉን ሁለት ሚሊሜትር ያህል እንደ መንጠቆ እጠፈው። ባዶው ቀለሃ ውስጥ አስገብተህ በግድግዳው ላይ እየጎተትህ ከአንገቱ ወደ ግርጌው ውረድ። ቀለበቱ ካለበት ቦታ ስትደርስ መንጠቆው ጉድጓድ ውስጥ እንደገባ ቁልቁል ካለብህ፣ ነሐሱ ከውስጥ ሳስቶ ሊበጠስ ነው ማለት ነው። እስክታየው ድረስ ያን ጠመንጃ አትተኩስ። አንዲትም።

ደረጀ_77፣ ሲልቨር ስፕሪንግ

ነገሩን አታክብዱበት። እኛ አገር ጥይት ሲከሽፍ ቦልቱን እንደገና ስቦ መምታት፣ ካልሆነ አውጥቶ አዙሮ መልሶ ማጉረስ ነው። ግማሹ ሁለተኛ ሲመታ ይተኩሳል። አደን ላይ ሆኖ አንድ ደቂቃ የሚቆጥር ሰው አላየሁም።

ሜዳ_ጠባቂ፣ ኮሎራዶ

ደረጀ፣ አዙሮ ማጉረስ ይሠራል፤ አልክድህም። እኔም ፕራይመሩ ላይ ጥሩ ምልክት ሳይኖር ሲቀር ከጠበቅሁ በኋላ ሁለተኛ እመታዋለሁ። ልዩነቱ «ከጠበቅሁ በኋላ» የምትለው ናት። ጥይቱ በሚቀመጥበት የበርሜሉ ጉሮሮ፣ ቻምበሩ ውስጥ፣ ቦልቱ ተቆልፎ ሳለ ቢፈነዳ ብረቱ ይችለዋል፤ የተሠራው ለዚያ ነው። ቦልቱ ክፍት ሆኖ ጥይቱ ጣትህ መካከል ሳለ ከፈነዳ ግን ቀለሃው ራሱ ተበጣጥሶ ፍንጣሪ ይሆናል። ወንድማችን ቅዳሜ ያመለጠው ይህን ነው። አደን ላይ አውሬው ያመልጥሃል፤ ያመልጥ።

ሃምሳ_አለቃ_ጡረተኛ፣ አትላንታ

ልጄ እንኳን ደህና ሆንክ። በ1963 ዓ.ም. ስቀጠር የያዝነው የአሜሪካ ኤም ዋን ነበር፤ በ1970 የሶቪየቱ መሣሪያ ሲገባ ክላሽ ያዝን። ስለ ቀለበቱ ሜዳ ጠባቂው የነገረህን አትናቅ። ማሠልጠኛ ሳለን አጠገቤ የተኛ ጓድ ላይ ቀለሃው ወገቡ ላይ ተበጠሰ። ግርጌው ወጣ፣ የፊቱ ግማሽ ቻምበር ውስጥ ተጣብቆ ቀረ። ቀጣዩ ጥይት እዚያው ውስጥ ገብቶ ተቀረቀረ። እሱ ደግሞ ነከሰ (ጥይት ተቀረቀረ) ብሎ በመዳፉ ቦልቱን ደቃው። አሠልጣኛችን ሮጦ እጁን ያዘው። ቀለሃው በመሣሪያ እስኪወጣ ድረስ ሌሎቻችን ተኝተን ጠበቅን። የአሠልጣኙን ቃል እስከ ዛሬ አልረሳሁትም፦ «በጉልበት የሚገባ ጥይት የለም!»

ሌላ ጥያቄ አለኝ። ያን የ50ዎቹን ጥይት ተኩሰህ ስትመለስ ጠመንጃውን በምን አጠብከው?

የበልጅግ_ልጅ፣ ቨርጂኒያ

ሃምሳ አለቃ እግዜር ያክብርልኝ። በጠመንጃ ዘይት ወለወልሁት። በቂ አይደለም?

ሃምሳ_አለቃ_ጡረተኛ፣ አትላንታ

አይደለም ልጄ። የዚያ ዘመን ጥይት ፕራይመሩ ሲቃጠል ጨው ይተዋል። ዘይት ጨው አያሟሟም፤ ይሸፍነዋል እንጂ። ጨው ደግሞ ከአየር እርጥበት ስቦ በቀናት ውስጥ በርሜሉን ዝገት ያበላዋል። መድኃኒቱ ተራ የፈላ ውኃ ነው። ቦልቱን አውጣ፣ ውኃ በማንቆርቆሪያ አፍላና በፈነል ከኋላ በኩል በርሜሉ ውስጥ አፍስስ። ብረቱ ስለሚግል ቶሎ ይደርቃል። ከዚያ ጨርቅ አሳልፍ፣ ከዚያ ዘይት። የቦልቱንም ፊት አትርሳ። ዛሬ ማታ አድርገው፤ ነገ አትበል።

ሳምራዊት፣ ዳላስ

ክሩን እንዳላቋርጥ እፈራለሁ ግን ችግሬ ተቀራራቢ ነው። ሽጉጥ ተኩስ ከጀመርኩ ስምንት ወሬ ነው፤ ትንሽ ናይን ሚሊሜትር አለችኝ። በየ20ውና 30ው ጥይት አንዴ ባዶው ቀለሃ ሳይወረወር ይቀርና ስላይዱ፣ ወደ ኋላና ወደ ፊት የሚንሸራተተው የላይኛው ብረት፣ ይነክሰዋል፤ እንደ ጭስ ማውጫ ቀጥ ብሎ ይቆማል። የሸጠኝ ሰው «ሴት ስለሆንሽ ጉልበት አነሰሽ» አለኝ። እውነት ነው?

ዮናታን፣ አሽዶድ

እህቴ እሱ ሰው አላዋቂ ነው። እኔ እዚህ እስራኤል በወታደርነቴ ያየሁት ትልልቅ ወንዶችም ላይ ይደርሳል። ሽጉጡ ወደ ኋላ ሲረግጥ ስላይዱ ወደ ኋላ የሚሄደው መያዣው በእጅሽ ጸንቶ ከቆመ ነው። አንጓሽ ከላላ ሽጉጡ በሙሉ አብሮ ይሄዳል፤ ስላይዱ መንገዱን ሳይጨርስ ይመለሳል፤ ቀለሃውንም መንገድ ላይ ይይዘዋል። ጉዳዩ አያያዝ እንጂ ጡንቻ አይደለም። እጅሽ የመያዣው ጫፍ ድረስ ከፍ ይበል፣ ግራ እጅሽ ባዶውን ቦታ ይሙላው፣ አንጓሽ ይቆለፍ።

እኛ ጋ ነከሰ ሲባል ማዓጾር ይሉታል፤ ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ እጅህ ሳያስብ እንዲያወጣው ያሠለጥኑሃል። ካዝናውን ከታች ምታ፣ ሳብ፣ ቀጥል። ግን ይህ ለጦር ሜዳ ነው። ወረቀት ለሚተኩስ ሰው መጀመሪያ ማየት ይሻላል። አሸዋ የሚሠራውን ከእኛ በላይ የሚያውቅ የለም፤ እ.ኤ.አ. በ1967ቱ ጦርነት ኤፍ ኤን ፋል የተባለው ጠመንጃችን በአሸዋ ምክንያት እየነከሰ ስላስቸገረ ነው ጋሊል የተባለው የራሳችን ጠመንጃ ወደ መሠራቱ የተሄደው።

ሜዳ_ጠባቂ፣ ኮሎራዶ

ዮናታን ያለው ልክ ነው። ሳምራዊት፣ አንድ ልጨምርልሽ፦ ስንት ካዝና አለሽ? በቀለም 1፣ 2፣ 3 ብለሽ ጻፊባቸውና በነከሰ ቁጥር የትኛው ላይ እንደሆነ ማስታወሻ ያዢ። ከሽጉጡ ይልቅ ካዝናው የሚያጠፋበት ጊዜ ይበልጣል። አፉ ላይ ያሉት ሁለት ከንፈሮች ወለል ላይ ወድቀው ትንሽ ከተጣመሙ ጥይቱ አቅጣጫውን ይስታል።

ብሩክ_መልሶ_ሞይ፣ ሲያትል

እስካሁን ያልተነሳ ነገር አለ፤ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

ጥይቴን ራሴ ነው የምሞላው። ቀለሃ እሰበስባለሁ፣ አዲስ ፕራይመር፣ ባሩድ፣ እርሳስ። ከሦስት ዓመት በፊት አንድ ማታ ልጄ ጠርቶኝ ተነሣሁና ተመልሼ ሥራውን ቀጠልኩ። አንዷን ባሩድ ሳልጨምርባት እርሳስ ተከልኩባት። ሽጉጡ ሜዳ ላይ «ዷ» ሳይሆን «ጵስ» አለ። እጄንም አልረገጠኝም። ጆሮዬ ላይ መከላከያ ስላለ ድምፁን በደንብ አልሰማሁትም፤ ስላይዱ ስላልተንቀሳቀሰ ነከሰ ብዬ ካዝናውን መታሁ፣ ሳብኩ፣ አዲስ ጥይት ጎረሰ። ጣቴ ቃታው ላይ ሆኖ ግን አንድ ነገር ያዘኝ፤ ያ «ጵስ» ጆሮዬ ውስጥ ቀርቶ ነበር። አውርጄ ጥይቱን አወጣሁ፣ ካዝናውን ነቀልኩ፣ በርሜሉን ፈትቼ ወደ ብርሃኑ አየሁበት። ብርሃን የለም። እርሳሱ አራት ሴንቲሜትር ያህል ገብቶ ተሰክቷል። ፕራይመሯ ብቻዋን እዚያ ድረስ ገፍታው ነበር። የሚቀጥለውን ተኩሼ ቢሆን በርሜሉ እጄ ላይ ይበጠስ ነበር።

በነሐስ ዘንግ መትቼ አወጣሁት። ያ እርሳስ አሁንም ጥይት የምሞላበት ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል። ዮናታን ያለው «ምታ፣ ሳብ፣ ቀጥል» ያስፈራኝ ለዚህ ነው። ድምፁ ከሌሎቹ ካነሰ፣ ግፊቱ ከቀለለ፣ አትሳብ። አቁምና በርሜሉን ተመልከት።

ዮናታን፣ አሽዶድ

ብሩክ፣ ልክ ነህ፤ እቀበላለሁ። ጠቅ ያለና ጵስ ያለ አንድ አይደለም። ሳምራዊት፣ የጻፍኩልሽን በዚህ አርሚው።

ሜዳ_ጠባቂ፣ ኮሎራዶ

ብሩክ የጻፈውን ሁላችሁም ደግማችሁ አንብቡ። እኔም አንድ ወጣት ላይ ሁለተኛው ጥይት ከመተኮሱ በፊት «ተኩስ አቁም!» ብዬ ጮኼ ደርሼበታለሁ። ያዳነው ከሩቅ የሰማሁት የድምፅ ልዩነት ብቻ ነው።

በዚያው በርሜል የሚዘጋ ሌላ ነገር አለ። 12 እና 20 ጌጅ ሾትገን (የ20ው በርሜልና ጥይት ከ12ው ይጠባል) ይዞ አንድ ጠረጴዛ ላይ ጥይት የሚቀላቅል ሰው። የ20ው ጥይት 12ው ቻምበር ውስጥ ሲገባ ተንሸራቶ በርሜሉ ላይ ይቀረቀራል። ቻምበሩ ባዶ ይመስላል፤ ከኋላው 12 ይጨመርና ይተኮሳል። የ20ው ጥይት ቢጫ ቀለም የሚቀባው ለዚህ ነው። የ.300 ብላክአውት ጥይትም የ.223 ጠመንጃ ቻምበር ውስጥ ይገባል፤ ካዝናውም አንድ ነው፤ እርሳሱ ግን ለበርሜሉ ስለሚሰፋ ሲተኮስ ጠመንጃው ይበጣጠሳል። ሁለቱን በአንድ ቀን ይዛችሁ አትምጡ።

ብረት_ሠሪው፣ ሚኒያፖሊስ

ወደ በልጅጉ ልመለስ። ሙያዬ የብረት ማሽን ነው፤ አሮጌ ማውዘር መጠገን ደግሞ የዕረፍት ጊዜ ሥራዬ ነው።

ሁለቱ ምልክቶችህ፣ ደካማው የመርፌ ምት እና የሚያበራው ቀለበት፣ ከአንድ ምንጭ ሊመጡ ይችላሉ። ይህ ጥይት ቻምበሩ ውስጥ የሚቆመው በትከሻው፣ ቀለሃው ወደ አንገቱ በሚጠብበት ቦታ ነው። በቦልቱ ፊትና ትከሻው በሚያርፍበት ቦታ መካከል ያለው ርቀት ከልክ በላይ ከሆነ ጥይቱ ይጨዋወታል። መርፌው ሲመታው ወደ ፊት ይሸሻል፤ ምቱም ይደክማል። ሲተኮስ ደግሞ የቀለሃው ፊት በግፊቱ ከግድግዳው ጋር ይጣበቃል፣ ግርጌው ወደ ቦልቱ ይጎተታል፣ መካከሉ እንደ ሊጥ ይሳሳል። ቀለበቱ እሱ ነው።

መጀመሪያ ቦልቱ ላይ ያለውን ቁጥር ከጠመንጃው ቁጥር ጋር አስተያየው። መጋዘን የከረሙ ጠመንጃዎች ቦልታቸው ተቀያይሯል። ከዚያ ጎ፣ ኖጎ እና ፊልድ የሚባሉ ሦስት መለኪያዎች ያሉት ጠጋኝ ፈልግ። ጎ ላይ ቦልቱ መዘጋት አለበት፣ ፊልድ ላይ ፈጽሞ መዘጋት የለበትም። ኖጎ ላይ ከተዘጋ ማለቅ የጀመረ ነው፤ ጠጋኙ ይወስን። ቦልቱንም ፈታው፤ ውስጡ የደረቀ ግራሶ ከተጋገረ መርፌው እንደ ጭቃ ውስጥ ነው የሚሄደው። ሞላውም በ80 እና 90 ዓመት ይደክማል።

የማውዘር 98፣ ያንተ በልጅግ የሚመደብበት ዓይነት፣ ሠሪ ይህን ሁሉ አስቦበታል። ቦልቱ ላይ ሁለት ሞላላ ቀዳዳዎች አሉ፤ ፕራይመር ቢቀደድ ጋዙ በእነሱ በኩል ወደ ግራው ቦይ ይወጣል፣ ከዓይንህ ይርቃል። የሆነ ሰው ያንን ቀዳዳ በግራሶ ደፍኖት አይቼ አውቃለሁ፤ ጥረግልኝ።

ስለ ጥይት፦ የአሜሪካ ፋብሪካዎች ያንተን ጥይት፣ 8 ሚሊሜትር ማውዘርን፣ ሆን ብለው ለዘብ አድርገው ነው የሚሞሉት። ምክንያቱ እ.ኤ.አ. የ1888ቱ የጀርመን ጠመንጃ በርሜል ጠባብ መሆኑ ነው፤ ሰፋ ያለው እርሳስ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1905 ነው፤ ሰው እንዳያምታታቸው ይፈራሉ። ላንተ የሚያስፈልግህ ያ ለዘብ ያለው ነው። ለአሮጌ ብረት እረፍት ነው።

ደረጀ_77፣ ሲልቨር ስፕሪንግ

ይህን ሁሉ አላውቅም ነበር። ከላይ የጻፍኩትን ሐሳቤን ትቼዋለሁ። የአጎቴ ልጅ ጎጃም ውስጥ የከሸፈ ጥይት እያዞረ ነው የሚያጎርሰው፤ ዛሬ እደውልለታለሁ።

የበልጅግ_ልጅ፣ ቨርጂኒያ

ሦስት ሳምንት ቆየሁ፤ ይቅርታ። ያደረግሁትን ልጻፍ።

በዚያው ማታ ሃምሳ አለቃ ባሉኝ መሠረት ሁለት ማንቆርቆሪያ የፈላ ውኃ አፈሰስሁበት። የመጀመሪያው ጨርቅ ብርቱካንማ ሆኖ ወጣ፤ ዝገቱ በአራት ቀን ጀምሮ ነበር። የወረቀት ክሊፑን ሞከርሁ፤ ሁለቱም ቀለበት ያላቸው ቀለሃዎች ላይ መንጠቆው ቁልቁል አለብኝ። በመጋዝ አንዱን በቁመቱ ሰንጥቄ አየሁት። ነሐሱ እዚያ ቦታ ላይ እንደ ወረቀት ሳስቷል።

ጠጋኝ ዘንድ ወሰድሁት። የቦልቱ ቁጥር ከጠመንጃው አይገጥምም። ጎ ላይ ተዘጋ፣ ኖጎ ላይም ተዘጋ፣ ፊልድ ላይ ቆመ። ቦልቱን ሲፈታው መርፌው ዙሪያ የነበረው ግራሶ እንደ ሻማ ሰም በቢላ ነው የተፋቀው። ሞላው ከአዲሱ ጎን ሲቀመጥ በአንድ ቀለበት ያህል አጥሯል። አዲስ ሞላ አስገባ፤ ሌላ ቦልት ፈልጎ ለክቶ አገኘና አሁን ኖጎ ላይ አይዘጋም። የጠፍሩን ማሰሪያ ልቀይርልህ ሲለኝ ግን እንቢ አልሁት።

ትናንት አዲስ ለዘብ ያለ ጥይት 20 ይዤ ሄድሁ። እያንዳንዷን ለብቻ አጎረስሁ፣ እያንዳንዱን ቀለሃ አነሣሁ፣ በክሊፑ ዳሰስሁ። ሃያውም ተኮሱ፤ ቀለበት የለም። የቀረውን የዩጎዝላቪያ ጥይት ለሜዳው ሰዎች አስረክቤያለሁ።

ማታ ለአባቴ ደውዬ ሁሉም ወደ ቀኝ እንደሚስቱ ነገርሁት። «የአባቴም ወደ ቀኝ ነበር የሚስተው» አለኝ።

ሳምራዊት፣ ዳላስ

ደስ ብሎኛል ወንድሜ። የእኔም ተገኘ፤ ቁጥር 3 ነው። አያያዜን ካስተካከልኩ በኋላ 1ና 2 ላይ በ200 ጥይት አንዴም አልነከሰም፤ 3 ላይ አምስት ጊዜ። አንዱ ከንፈሩ ወደ ውጭ ተጣሟል፤ ከሌሎቹ ጎን ሳቆመው በዓይን ይታያል። ላስተካክለው ወይስ ልጣለው?

ብረት_ሠሪው፣ ሚኒያፖሊስ

ጣይው። የካዝና ከንፈር በፒንሳ አይቀናም፤ ቢቀናም ተመልሶ ይከፈታል።